ያልደማው መፋቂያ

ቀኛዝማች ሣህሌ በሐምሌ ሥላሴ ዕለት ጧት ሞተው ተገኙ። ሳጉሬ ዳር ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡባት አግዳሚ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ነበር። በቀኝ እጃቸው መፋቂያቸውን ይዘዋል። ከአፋቸው ጥግ ቀጭን ደም ወርዶ ጢማቸው ላይ ደርቋል።

ደሙ ባይኖር ኖሮ «ጊዜያቸው ደረሰ» ተብሎ በማግሥቱ ይቀበሩ ነበር። ደሙ ስለነበረ ግን ረዲ የገብስ መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት።

ረዲ የጥርስ ሕክምና ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ ከአንድ አርመን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ለዓመታት ሠርቶ፣ በኋላ አሰላ ገበያ አጠገብ አንዲት ክፍል ከፈተ። በሥላሴ ዋዜማ ቀኛዝማች አስጠሩትና መጣ። እልፍኛቸው ውስጥ ከእሳቸው ጋር በር ዘግቶ አመሸ። ሊመለስ ሲል ወደ አሰላ የሚያሻግረው ወንዝ ሞልቶ ስላገኘው እዚያው አደረ። ሲነጋ «በመርፌው ገደላቸው» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ሰውየውን ጎትተው መጋዘን ከተቱት።

የአሰላው ፖሊስ መቶ አለቃ ገብረ መድህን በማግሥቱ ወደዚያ ሲነሣ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች ከአርቦዬ ከተማ ከመጣ መኪና ወርደው ፈረስ ሲያፈላልጉ አየ። የሟቹ ዘመዶች ነበሩ። ስለ ፍርድ ቤት የሚያወራ አንድም ሰው አልሰማም፤ ስለ ገመድ የሚያወራ ግን ሰማ።

ወንዙ ዳር የቀኛዝማች ጭሰኛ ቱሳ በቅሎ ይዞ ጠበቀው። መቶ አለቃውና የተከተለው አንድ ፖሊስ ተራ በተራ ሊሻገሩ ነው።

«ዘመዶቹስ መሻገር ይችላሉ?» አለ መቶ አለቃው።

«አሁን አይችሉም፣ ያ ጎፍታ፣ ጌታዬ። መልካውን፣ መሻገሪያውን፣ እኔ ነኝ የማውቀው፣ እኔ ደግሞ ለእነሱ ቶሎ አልገኝም። ጭላሎ ተራራ ላይ ዝናቡ ካቆመ ግን ላጋው፣ ወንዙ፣ እስከ ከሰዓት ይጎድላል። ያኔ ማንንም አይለምኑም።»

ቱሳ ሲናገር የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ቦታ ባዶ መሆኑ ይታያል።

«ጥርስህን ምን ነካው?»

«የቀኛዝማች ከዘራ። ድሮ ነው።»

«ታዲያ ሲሞቱ ደስ አለህ?»

«ደስ አለኝ ብል ያስሩኛል። አዘንኩ ብል አያምኑኝም። ብቻ በቅሎዋን አጥብቀው ይያዙ።»

መቶ አለቃው በጉንጩ የያዘውን ቅርንፉድ በምላሱ አገላበጠ። ጥርሱን ካመመው ሰንብቷል። «ማን ነው ወደ እኔ የላከህ?»

«እመቤት ናት፣ የቀኛዝማች ሚስት፤ በአጥር ቀዳዳ ጠራችኝ። ጋሼ ግዛቸው ‹ዘመድ ይምጣ እንጂ ፖሊስ ምን ይሠራል› ብሎ ነበር።»

«ለምን በአጥር ቀዳዳ?»

ቱሳ እንደ ሞኝ አየው። «በበሩ ማን ያስወጣታል?»

ግቢው በረጅም የጽድ አጥር የተከበበ ነው። በሩን ከፍቶ ያስገባቸው ግዛቸው፣ የቀኛዝማች የእህት ልጅ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የሰፋ ሰው። ፖሊሱ ገና ከመግባቱ በሩን መልሶ ቆለፈው። ቁልፉ ከወገቡ ላይ በጠፍር ተንጠልጥሏል።

«በቀንም ትቆልፋላችሁ?» አለ መቶ አለቃው።

«የአጎቴ ሥርዓት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁልፍ ያዥ እኔ ነኝ።»

በረንዳው ላይ አስቀመጠውና አምቦ ውሃ አመጣለት። መክፈቻ የለም። ግዛቸው ጠርሙሱን ወደ አፉ አስጠግቶ ቆርኪውን በፊት ጥርሶቹ ፈልቅቆ ተፋው። የመቶ አለቃው ድድ ባለቤቱን ወክሎ ጠዘጠዘ።

«አንድ ቀን ይሰበርብሃል።»

«አንዱ ተሸርፏል እኮ» አለና ግዛቸው ከንፈሩን ገልጦ አሳየው። ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች የአንዱ ጥግ የለም።

«አጎትህን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ትናንት ጎህ ሲቀድ። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስወጣ እዚህችው አግዳሚ ላይ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው መፋቂያውን ነክሰው ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ። ‹ለእኔም ጸልይልኝ› አሉኝ። ስመለስ ቤቱ በጩኸት ተሞልቷል።»

«ሲፍቁ ይተፉ ነበር?»

«የሚፍቅ ሰው አይተፋም እንዴ? እዚያ ሣሩ ላይ ነጭ አረፋ ተፉ።»

«ጥርሳቸውን ያማቸው ነበር?»

«የእሳቸውን ጥርስ!» ግዛቸው ሊስቅ ብሎ ሐዘንተኛ መሆኑን አስታወሰ። «ለመስቀል ቁርጥ ሲበሉ አገሩ ነው የሚያደንቃቸው። ሐኪሙን ያስጠሩት ለማስጠረግ ብቻ ነው። ‹የዘመኑ ሰው ጥርሱን ያስጠርጋል፣ እኔስ ምን አነሰኝ› አሉ። ያ ሰውዬ ግን ምን እንደወጋቸው እግዜር ይወቅ።»

አስከሬኑ እልፍኝ ውስጥ ነበር። ገና አልተገነዘም። «ፖሊስ ሳያየው ማንም አይነካውም» ብላ የከለከለችው የሟቹ ሚስት ብርሃነሽ ናት፤ ከባሏ በአርባ ዓመት የምታንስ፣ ድምፅዋ እንኳ ከነጠላዋ ሥር የሚወጣ የሚመስል ሴት። መቶ አለቃው ሲገባ ከግድግዳው ተለጥፋ ቆማ ነበር። ሌላ ሰው አለመኖሩን አረጋግጣ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና አንድ መፋቂያ በመዳፉ አስቀመጠች።

«ከእጃቸው የወሰድኩት ነው። ይያዙልኝ። እኔ ምንም አላልኩም።»

«ቢናገሩስ ምን ይሉ ነበር?»

«ምንም» አለችና ወጣች።

የወይራ እንጨት ነው። ጫፉ በጥርስ ተነክሶ ተቦጫጭቋል፤ የንክሻው ቦታ ከላይም ከታችም በደንብ ይለያል። በላይኛው በኩል አንድ ቦታ ላይ ጥርስ ሳይነካው የቀረ ትንሽ ጉብታ አለ። መቶ አለቃው ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጠው። ንጹሕ ነበር።

ከዚያ የሟቹን አፍ ከፈተ። ከታች በቀኝ በኩል ድዱ ቀልቷል፤ በየጥርሶቹ ሥር የረጋ ደም እንደ ክር ተጋድሟል፣ ምንም አልነካካውም። የፊት ጥርሶቹን በጣቱ ሲነካቸው እንደ ላላ ችካል ተንቀሳቀሱ። የላይኛው ከንፈር ውስጡ በግራ በኩል ተሰንጥቋል፤ ይህኛው ሥንጥቅ ከሐኪሙ ሥራ ይርቃል። መቶ አለቃው ወደ አልጋው ዞረ። ትራሱን ገለበጠው። መካከሉ ላይ የደረቀ ደም ነበር፤ ተኝቶ ከአፉ የወረደበት ሰው እንደሚተወው ወደ ጥግ የፈሰሰ ሳይሆን፣ ሁለት ከንፈር ታትሞበት የቀረ።

ትራሱን እንደነበረ መልሶ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

ረዲ ገብስ ክምር ላይ ተቀምጦ ነበር። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ካለች ቀዳዳ ብቻ ነው። ፀጉሩና ቅንድቡ በገብስ ብናኝ ነጥቷል።

«ወንዙ ጎደለ?» ነው መጀመሪያ የጠየቀው።

«ገና ነው።»

«ከዚህ ሆኜ ድምፁን እሰማዋለሁ። ጧት ከነበረው ቀንሷል።»

«አቶ ረዲ፣ ቤተ ሰቡ ጥርስ ማስጠረግ ብቻ ነበር ይላል።»

«እንደዚያ በል ብለው አስምለውኛል። ለሞተ ሰው ሚስጥር ስጠብቅ እኔም ልሞት ነው መሰለኝ።» ረዲ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ጥርስ ማጽዳትማ ቀላል ነው። ላዩ ላይ የተጋገረውን ጠጠር ፈቅፍቀህ ታለሰልሳለህ፣ አለቀ። ድዱ ጤነኛ ከሆነ እምብዛም አይደማም፤ ሰውየው ተነሥቶ ምሳውን ይበላል። የእሳቸው ግን የድድ በሽታ ነበር። ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል፣ ኪሱ መግል ይዟል፣ ከሥር አጥንቱ እየተበላ ነው። ላዩን ብቻ ብጠርግላቸው ጥርሳቸው እያበራ ይወልቅ ነበር። ስለዚህ በመርፌ አደንዝዤ ከድዱ በታች እስከ ሥሩ ድረስ ገብቼ አጸዳሁ። ባንድ ቀን አይጨረስም። ከትናንት ወዲያ የሠራሁት የታችኛውን ቀኝ ብቻ ነው።»

«መርፌው ሊገድላቸው ይችላል?»

«ቢገድል እዚያው ፊቴ ነበር የሚገድላቸው። ከዚያ በኋላ እኮ አጥሚት ጠጥተው፣ የወንዙን መሙላት ሰምተው ስቀውብኝ፣ ‹ደህና እደር› ብለውኛል።»

«ምን አዘዟቸው?»

«በዚያ በኩል እንዳያኝኩ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ እንዲጉመጠመጡ። መፋቂያ ደግሞ በጭራሽ። አንድ ጊዜ ቢያስጠጉት ቁስሉ ይከፈትና አፋቸው በደም ይሞላል። ከሕክምናው በፊት እንኳ ገና ሲነካኩት የሚደማ ድድ ነበር።»

መቶ አለቃው ቅርንፉዱን በምላሱ ገፋ አደረገ። ረዲ አተኩሮ ጉንጩን አየው።

«ቅርንፉዱን በየትኛው በኩል ነው የያዙት?»

«ምን?»

«ሽታው ይመጣል። ሲፍቁ ይደማል?»

«ይደማል። ላዩን ቢጠረግ ይበቃዋል ብዬ...»

«አይበቃውም።»

«እርስዎ መጀመሪያ ከዚህ ይውጡ» አለ መቶ አለቃው።

ማዕድ ቤት ውስጥ በቀለች ብቻዋን ነበረች፤ ቀኛዝማችን ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች አሮጊት። ከምድጃው አጠገብ ባለች ድንጋይ ላይ የተጨፈለቀ የእንጨት ጭረት ተጣብቋል። መቶ አለቃው አነሣት።

«ይህች ለምንድን ናት፣ እማማ?»

«ለነጭ ሽንኩርት።»

አሸተታት። «ነጭ ሽንኩርታችሁ የወይራ ልጥ አለው?»

በቀለች ድንጋይዋን ነጥቃ ቀሚሷ ውስጥ ልትከታት አሰበች፤ ከዚያ ተወችው።

«አስምለውኛል፣ ጌታዬ።»

«ያማለዎት ሞቷል። ያልገደለ ሰው ግን መጋዘን ውስጥ ሞቱን ይጠብቃል።»

አሮጊቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ከፋሲካ ወዲህ መፋቂያ መንከስ አቃታቸው። ጥርሳቸው ይነቃነቃል። ‹ሣህሌ ጥርሱ ረገፈ ከሚባል ሣህሌ ሞተ ይባል› ይሉ ነበር። እኔ ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጬ አለሰልስላቸዋለሁ፤ እሳቸው በረንዳው ላይ ሰው እያያቸው ይዘውት ይቀመጣሉ እንጂ ብዙም አያስጠጉት። ሥጋውንም ‹ስእለት አለብኝ› ብለው ተዉ። እመቤትና እኔ ብቻ ነን የምናውቅ፤ አጥሚትና ገንፎ ነው የምናበላቸው።»

«ግዛቸውስ?»

«እሱ ምግቡን በር አጠገብ ካለችው ቤቱ ነው የሚበላው። ከገበታቸው አያስቀምጡትም።»

«ትናንት ጧት መጀመሪያ የነኳቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ፀሐይ ብልጭ ስትል ነው። ያንቀላፉ መስሎኝ ትከሻቸውን ብይዝ እንደ ግንድ ደርቀዋል። እጃቸውን ላነሣ ብል አልታጠፍ አለኝ።»

«ያን ቀን መፋቂያ ቀጥቅጠው ሰጥተዋቸዋል?»

«አልሰጠኋቸውም፤ ሐኪሙ ከልክሏል ብለው ‹ለሳምንት አታምጪልኝ› አሉኝ። ያን ሌሊትም ብቻቸውን ነው የተኙ።»

መቶ አለቃው ድንጋይዋን ኪሱ ከተተ። ከበሩ ውጭ ብርሃነሽ ቆማ ነበር፤ ሰምታለች።

«እርስዎ አውቀዋል» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «መፋቂያው የእሳቸው እንዳልሆነ።»

«ቁልፉ በማን ወገብ እንዳለ አይተዋል?» አለች። «እርስዎ ይሄዳሉ። እኔ እዚሁ ነኝ። ስገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያንን በር አላለፍኩም። እናቴ ስትሞት እንኳ እዚህ ሆኜ ነው ያለቀስኩ። ቀኛዝማች ‹ከዚህ ግቢ የምትወጡት ሬሳዬን ተሸክማችሁ ነው› ይሉን ነበር፤ እኔንም፣ ግዛቸውንም።»

«እሱን እንኳ?»

«ሁለት ጊዜ ሊጠፋ ሞክሮ ነበር። ሁለቴም በሰው አስይዘው አስመለሱት። ሚስት ላግባ ቢል ‹በሬን ማን ይጠብቃል› አሉት።»

ከወንዙ በኩል የጥይት ድምፅ ተሰማ። የአርቦዬ ዘመዶቹ ዳር ደርሰው ሐዘናቸውን እየገለጹ ነው፤ ወይም ውሃውን እያስፈራሩ። ቱሳ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ጮኸ፦ «ላጋው ጎድሏል! ፈረሶቹን እያስገቡ ነው!»

መቶ አለቃው ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበ። ረዲን ፖሊሱ አመጣው፤ ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት አግዳሚውን ተደግፎ ቆመ። ቱሳም በበሩ ገባ። ግዛቸው በሩን ከኋላው ቆልፎ መጣ።

«ዘመዶቻችን እየደረሱ ነው» አለ ግዛቸው። «ለምን አንጠብቃቸውም?»

«እነሱ ሳይደርሱ ልጨርስ ስለምፈልግ ነው። ቀኛዝማች በመርፌ አልሞቱም። አልጋቸው ላይ ትራስ አፋቸው ላይ ተጭኖ ነው የታፈኑት። ከንፈራቸው በራሳቸው ጥርስ ተሰንጥቋል፣ የአፋቸው ደም ትራሱ መካከል ታትሟል። ይህ የሆነው ሌሊት ነው፤ በቀለች ፀሐይ ሲወጣ ስትነካቸው እንደ ግንድ ደርቀው ነበር። ጎህ ሲቀድ በሕይወት የነበረ ሰው በዚያች አጭር ጊዜ እንደዚያ አይደርቅም።»

«እኔ ግን አይቻቸዋለሁ!» አለ ግዛቸው።

«ወደዚያ እመጣለሁ። ገዳዩ ሬሳውን ተሸክሞ እዚህ አስቀመጠና መፋቂያ አስያዛቸው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሽማግሌ ሰው እንደ ልማዱ ሲፍቅ በሰላም አረፈ፣ ማን ምን ይላል? አንድ ነገር ብቻ አላወቀም። የቀኛዝማች ሕክምና ጥርስ ማስጠረግ መስሎታል። ማስጠረግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጢማቸው ላይ ደም አይወርድም፣ ትራሱም አይበላሽም፣ እኔም ዛሬ አሰላ ነበርኩ። ግን ድዳቸው እስከ ሥሩ ታክሞ ቆስሏል። አንድ ጊዜ ቢፍቁ መፋቂያው በደም ይርሳል። ይኸው።»

መፋቂያውን ከፍ አደረገው። ነጭ ጫፉን ሁሉም አየው።

«በቀለች ታውቃለች፤ እሷ ብታደርገው መፋቂያውን ትቀጠቅጠው ነበር። ወይዘሮ ብርሃነሽ ያውቃሉ። አቶ ረዲማ ራሳቸው ናቸው የከለከሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢሆን ኖሮ መፋቂያ ባላስያዛቸው ነበር። ይህን መፋቂያ የነከሰው፣ ቀኛዝማች መንከስ እንደማይችሉ ያላወቀ ሰው ነው። ቱሳ አያውቅም፤ ግን ቱሳ በምኑ ይነክሳል?»

ቱሳ ባዶ ድዱን አሳየ። «ቀኛዝማች ዛሬ ጠቀሙኝ» አለ።

ማንም አልሳቀም።

«አንተ ግዛቸው፣ ነክሰው ቀጭ ቀጭ ሲያደርጉ ሰማሁ አልከኝ። ነጭ አረፋ ሲተፉ አየሁ አልከኝ። የዚያ ሰው አፍ ያን ቀን ነጭ አረፋ አይተፋም። ይህ እዚህ ጋ ያለው ጉብታ ደግሞ የተሸረፈ ጥርስ የዘለለው ነው። ጠርሙሱን ስትከፍት አይቼዋለሁ። ከፈለግህ ሌላ እንጨት ንከስና እናስተያየው።»

መቶ አለቃው ከኪሱ አዲስ የወይራ እንጨት አውጥቶ ዘረጋለት። ግዛቸው እጁን አልዘረጋም። እንጨቱን ሳይሆን የአጥሩን ጫፍ ነበር የሚያየው።

«ለምን?» አለች ብርሃነሽ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጠላው ወጣ። «ገድለህ ስታበቃ ለምን ይህን ምስኪን አስገባህበት?»

«እኔ አላሰብኩትም» አለ ግዛቸው። «ደሙን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው ያየሁት። ጨለማ ነበር፣ አላየሁም። ሰዉ ‹ደሙ ከምን መጣ› ሲል... አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።» ረዲን ሊያየው አልቻለም። «ሬሳዬን ተሸክመህ ነው የምትወጣ ይሉኝ ነበር። ተሸከምኳቸው። ከባድ አልነበሩም። ተሸክሜያቸው ግን ከዚች በረንዳ አላለፍኩም።»

«ራስህ ልትወጣ ሌላ ሰው ቆለፍክ» አለ መቶ አለቃው።

የፈረስ ኮቴ ከአጥሩ ውጭ ደረሰ። በሩ በሰደፍ ተደበደበ። «ክፈቱ! ያ መርፌ ወጊ የታለ?»

ፖሊሱ የግዛቸውን እጅ የፊጥኝ አሰረ። ረዲ ሳያስበው ወደ መጋዘኑ አንድ እርምጃ አፈገፈገ፤ መቶ አለቃው ክንዱን ይዞ አስቆመው። ከዚያ ቁልፉን ከግዛቸው ወገብ ፈታና ለብርሃነሽ ሰጣት።

«ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማሉ።»

ቁልፉን አየችው። አሁንም ከሰው ገላ የሞቀ ነበር። ወደ በሩ ሄደች፤ ሁለት ጊዜ ካላዞሩት እንደማይከፈት አታውቅም ነበርና ትንሽ ቆየች። በሩ ሲከፈት ሰዎቹ የጠበቁት ግዛቸውን ነበርና ልጓማቸውን ሳቡ።

«የገደላቸው የገዛ ሰዋችን ነው፤ ታስሯል» አለች። «ሐኪሙ ንጹሕ ነው፤ ፖሊስ አብሮት አለ። ጠመንጃችሁን አውርዱና ግቡ፣ ሬሳው ሁለት ቀን ጠብቋችኋል።»

ከዘመዶቹ በዕድሜ ትልቁ ከኮርቻው ሆኖ አያት። የቀኛዝማችን ሚስት ፊት አይቶ አያውቅም። ቀስ ብሎ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ እየወረዱ በአጠገቧ አልፈው ገቡ።

እሷ ግን ከእነሱ ጋር አልተመለሰችም። በፈረሶቹ መካከል አልፋ ጭቃው ላይ ቆመች። ቱሳ ከኋላዋ መጥቶ በቅሎዋን ይዞ ጠበቀ።

«ቱሳ» አለችው፣ «አሰላ በየት በኩል ነው?»

በሠርጓ ዕለት ፊቷን ተሸፍና ስለነበር የገባችው፣ መንገዱን አይታው አታውቅም።